በላይኛው ከባቢ አየር የሃይድሮጂን አቶምና የፕሮቶን ግጭት

ከምድር ገጽ ከጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ከፍታ በላይ ያለው ሥፍራ በተለምዶ ባዶ ጠፈር እንደሆነ ይታሰባል። ይሁን እንጂ ሥፍራው በስሱም ቢሆን የተያዘ ነው። ምድር ከጋዞች ሁሉ ቀላል በሆነው በሃይድሮጂን ደመና የተከበበች ስትሆን፣ በዚሁ ደመና ውስጥ ከፀሐይና ከራሷ ከምድር ከባቢ አየር የመነጩ ፕሮቶኖች ያለማቋረጥ ይመላለሳሉ።

እነዚህ ፕሮቶኖች ከሃይድሮጂን አቶሞች ጋር ሲገናኙ አንድ ኤሌክትሮን ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራል። ድርጊቱ በመጠን እጅግ አነስተኛ ቢሆንም ውጤቱ ግን ሰፊ ነው። የኤሌክትሪክ ማስተላለፊያ መስመሮችን፣ ሳተላይቶችንና የሬዲዮ ግንኙነትን የሚያውክ መግነጢሳዊ ማዕበል ስንት ሰዓት ወይም ስንት ቀን እንደሚቆይ ከሚወስኑት ምክንያቶች አንዱ ይኸው ልውውጥ ነው። አዮኖስፌር በሌሊት ጸንቶ መቆየቱም ሆነ ፕላኔቶች ውሃቸውን የሚያጡበት ሂደት ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የግጭቱ ምንነት

የሃይድሮጂን አቶም በተፈጥሮ ከሚገኙ አቶሞች ሁሉ ቀላሉ ነው። በውስጡ የሚገኙት አንድ ፕሮቶንና አንድ ኤሌክትሮን ብቻ ናቸው። ፕሮቶኑ አዎንታዊ፣ ኤሌክትሮኑ ደግሞ አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ወይም ቻርጅ ስላላቸው አቶሙ በጠቅላላው ሲታይ ገለልተኛ ነው። ኤሌክትሮኑን ያጣ የሃይድሮጂን አቶም ፕሮቶን ብቻ ሆኖ ይቀራል። በመሆኑም በሃይድሮጂን አቶምና በፕሮቶን መካከል ያለው ልዩነት የአንድ ኤሌክትሮን መኖርና አለመኖር ነው።

ፕሮቶን በሃይድሮጂን አቶም አጠገብ በሚያልፍበት ጊዜ ኤሌክትሮኑ የነበረበትን ፕሮቶን ትቶ ወደ አላፊው ሊሻገር ይችላል። ከዚህ በኋላ አቶም የነበረው ፕሮቶን፣ ፕሮቶን የነበረው ደግሞ አቶም ይሆናል። ይህ ሂደት በሳይንሱ አጠራር የሙል ልውውጥ ይባላል።

ልውውጡን ልዩ የሚያደርጉት ሁለት ባሕርያት አሉ። የመጀመሪያው ጉልበት የማይጠይቅ መሆኑ ነው። ኤሌክትሮኑ ከቀድሞው ፕሮቶን ጋር የተሳሰረበት ኃይል ከአዲሱ ፕሮቶን ጋር ከሚተሳሰርበት ኃይል ጋር እኩል ስለሆነ፣ ለመሻገር የሚከፈል ተጨማሪ ጉልበት የለም። በዚህም ምክንያት ሁለቱ ቅንጣቶች በቀጥታ ሳይጋጩ በርቀት እየተላለፉ እንኳን ልውውጡ ይፈጸማል። ፕሮቶኑ በዝግታ የሚጓዝ በሚሆንበት ጊዜ ልውውጡ የሚካሄድበት የዒላማ ስፋት ከአቶሙ ከራሱ ስፋት በአሥሮች እጥፍ ይበልጣል።

ሁለተኛው ባሕርይ ተለዋዋጮቹ ፍጥነታቸውንና አቅጣጫቸውን ይዘው መቀጠላቸው ነው። ፕሮቶን ከኤሌክትሮን በ1,836 እጥፍ ስለሚከብድ የአንድ ኤሌክትሮን መጨመር ወይም መቀነስ ጉዞውን እምብዛም አይለውጠውም። ፈጣኑ ፕሮቶን ፈጣን አቶም፣ ዝግተኛው አቶም ዝግተኛ ፕሮቶን ሆኖ ይቀጥላል።

የልውውጡ ዋና ፋይዳም የሚመነጨው ከዚህ ነው። መግነጢሳዊ መስክ ይዞ የሚያቆየው የኤሌክትሪክ ሙል ያለውን ተንቀሳቃሽ ቅንጣት ብቻ ነው። ፕሮቶን በምድር መግነጢሳዊ መስክ ተይዞ ይሽከረከራል፤ ገለልተኛ አቶም ግን በመስኩ ውስጥ ያለ ከልካይ ያልፋል። ስለዚህ ኤሌክትሮን ያገኘ ፕሮቶን ከመግነጢሳዊ መስኩ ቁጥጥር ነጻ ሲወጣ፣ ኤሌክትሮኑን የሰጠው አቶም በምትኩ ይያዛል።

ምድርን የከበበው የሃይድሮጂን ደመና

ልውውጡ የሚካሄድበት የሃይድሮጂን ደመና በሳይንሱ ጂኦኮሮና ተብሎ ይጠራል። የሃይድሮጂኑ ዋነኛ ምንጭ በምድር ላይ ያለው ውሃ ነው። የውሃ ተንና ሚቴን የመሳሰሉ ሃይድሮጂን ያዘሉ ጋዞች ወደ ከፍታ ሲወጡ በፀሐይ ብርሃን ይበታተናሉ። ከእነዚህም የሚለቀቀው ሃይድሮጂን ቀላል በመሆኑ ከሌሎቹ ጋዞች በላይ ይንሳፈፋል።

ደመናው ለሰው ዓይን አይታይም። ይሁንና የሃይድሮጂን አቶሞች ከፀሐይ የሚመጣውንና 121.6 ናኖ ሜትር የሞገድ ርዝመት ያለውን የአልትራቫዮሌት ብርሃን ተቀብለው መልሰው ስለሚበትኑ በልዩ መሣሪያ ይታያሉ። በኤፕሪል 1972 የአፖሎ 16 ጠፈርተኞች በጨረቃ ላይ የተከሉት የአልትራቫዮሌት ካሜራ የምድርን የሃይድሮጂን ደመና ከውጭ ሆኖ ፎቶግራፍ ለማንሳት አስችሏል። ካሜራውን የፈለሰፈው አፍሪካ አሜሪካዊው ሳይንቲስት ጆርጅ ካሩተርስ ነበር።

ሶሆ የተሰኘችው የፀሐይ መመልከቻ መንኮራኩር በ1990ዎቹ የሰበሰበችው መረጃ በ2019 ይፋ በሆነ ጥናት ሲተነተን፣ ደመናው ከምድር እስከ 630,000 ኪሎ ሜትር ርቀት እንደሚዘልቅ ታውቋል። የጨረቃ አማካይ ርቀት 384,000 ኪሎ ሜትር ገደማ በመሆኑ ጨረቃ ራሷ በምድር ሃይድሮጂን ውስጥ ትመላለሳለች ማለት ነው።

ደመናው ግን እጅግ ስስ ነው። በባሕር ጠለል ላይ በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር አየር ውስጥ 25 ቢሊዮን ቢሊዮን ያህል ሞለኪውሎች ሲገኙ፣ በፀሐይ አቅጣጫ በ60,000 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ በተመሳሳይ ስፋት የሚገኙት የሃይድሮጂን አቶሞች 70 ያህል ብቻ ናቸው። በጨረቃ ርቀት ላይ ደግሞ በአምስት ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር አንድ አቶም ያህል ይገኛል።

መግነጢሳዊ ማዕበል እንዴት ይበርዳል?

ማርች 13 ቀን 1989 በካናዳ የኩቤክ ግዛት የኤሌክትሪክ ኃይል መረብ በአንድ ደቂቃ ተኩል ያህል ጊዜ ውስጥ ሥራውን አቋርጦ ስድስት ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ለዘጠኝ ሰዓታት ያለ ኤሌክትሪክ ቆይቷል። የአደጋው መንስዔ ከፀሐይ የተነሳ ከፍተኛ መግነጢሳዊ ማዕበል ነበር። ማዕበሉ በምድር መግነጢሳዊ መስክ ላይ ያስከተለው ፈጣን መለዋወጥ በማስተላለፊያ መስመሮች ውስጥ ያልታሰበ የኤሌክትሪክ ፍሰት ፈጥሯል።

እንዲህ ያለ ማዕበል በሚነሳበት ጊዜ ከፀሐይ በተቃራኒ ባለው የምድር መግነጢሳዊ መስክ ጭራ ውስጥ የነበሩ ፕሮቶኖችና ሌሎች አዮኖች ጉልበት አግኝተው ወደ ምድር ይገፋሉ። በመግነጢሳዊ መስኩ ከተያዙም በኋላ ፕሮቶኖቹ ወደ ምዕራብ፣ ኤሌክትሮኖቹ ወደ ምሥራቅ እየተንሸራተቱ ምድርን ይዞራሉ። በዚህም ከምድር ማዕከል ከ20,000 እስከ 50,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ በቀለበት መልክ የሚዞር የኤሌክትሪክ ፍሰት ይፈጠራል።

የቀለበቱ ፍሰት በበረታ ቁጥር በምድር ወገብ አካባቢ የሚለካው መግነጢሳዊ መስክ ይዳከማል። በዚያ አካባቢ የመስኩ መደበኛ መጠን ወደ 30,000 ናኖ ቴስላ ይጠጋል። በ1989ኙ ማዕበል የቀለበቱን ፍሰት ብርታት የሚያመለክተው መለኪያ 589 ናኖ ቴስላ የሚደርስ ቅናሽ አሳይቷል። በሜይ 2024 በተከሰተውና ከ2003 ወዲህ ከታዩት ሁሉ ብርቱ በነበረው ማዕበል ደግሞ ቅናሹ ከ400 ናኖ ቴስላ በልጧል።

ማዕበሉን የሚያስነሳው ግፊት ሲያበቃ በቀለበቱ ውስጥ የተከማቸው ጉልበት በአንድ መንገድ መውጣት ይኖርበታል። በ1959 አሜሪካውያኑ የፊዚክስ ሊቃውንት አሌክሳንደር ዴስለርና ዩጂን ፓርከር ጉልበቱ የሚወጣው ፕሮቶኖች ከሃይድሮጂን አቶሞች ጋር በሚያደርጉት የሙል ልውውጥ እንደሆነ የሚያመለክት ንድፈ ሐሳብ አቅርበዋል። ከዚያ ወዲህ በሳተላይት የተደረጉ ልኬቶች ልውውጡ ከዋና ዋናዎቹ መውጫዎች አንዱ መሆኑን አረጋግጠዋል።

አሠራሩም እንደሚከተለው ነው። በሰከንድ 1,400 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ፕሮቶን በቀለበቱ ውስጥ ሲዞር ቆይቶ ከአንድ የሃይድሮጂን አቶም ኤሌክትሮን ይወስዳል። ወዲያውኑ ገለልተኛ ስለሚሆን መግነጢሳዊ መስኩ ሊይዘው አይችልም፤ በነበረበት አቅጣጫ ቀጥ ብሎ ይወጣል። በቦታው የሚተካው ኤሌክትሮኑን ያጣው ዝግተኛ ፕሮቶን ነው። የፕሮቶኖቹ ቁጥር ባይቀንስም ጉልበቱ ግን ከሚወጣው አቶም ጋር ይሄዳል። ቀለበቱ የሚበርደውም በዚህ ዓይነት ነው።

የሂደቱ ፍጥነት በሁለት ነገሮች ይወሰናል። አንደኛው የሃይድሮጂኑ ብዛት ነው። ወደ ምድር ቀረብ ባለው የቀለበቱ ክፍል በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር በመቶዎች የሚቆጠሩ አቶሞች ስላሉ ልውውጡ ይፈጥናል፤ ርቀቱ በጨመረ መጠን ይዘገያል። ሁለተኛው የፕሮቶኑ ፍጥነት ነው። በሰከንድ 1,400 ኪሎ ሜትር የሚጓዘው ፕሮቶን በቀለበቱ ውስጠኛ ክፍል በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ኤሌክትሮን ሲያገኝ፣ በሰከንድ 4,400 ኪሎ ሜትር ለሚጓዘው ግን ቀናት ያስፈልጋሉ። ፍጥነቱ እጅግ ሲጨምር ኤሌክትሮኑ ለመሻገር የሚያገኘው ጊዜ ስለሚያጥር ነው።

በብርቱ ማዕበል ወቅት ከአዮኖስፌር የሚወጡ የኦክስጅን አዮኖችም በቀለበቱ ውስጥ ድርሻ ይኖራቸዋል። እነርሱም በበኩላቸው ከሃይድሮጂን ኤሌክትሮን ይወስዳሉ። ከዚህ ሌላ ወደ ታችኛው ከባቢ አየር የሚወርዱና በቀኑ በኩል ወደ ጠፈር የሚያመልጡ ቅንጣቶችም ለማዕበሉ መብረድ አስተዋጽኦ አላቸው።

የሚያመልጡት አቶሞች የሚሰጡት መረጃ

በልውውጡ ነጻ የወጡት ፈጣን አቶሞች ቀጥ ብለው ስለሚጓዙ የመጡበትን ሥፍራ ያመለክታሉ። ይህንን ባሕርይ በመጠቀም በካሜራ ብርሃን እንደሚሰበሰብ ሁሉ አቶሞችን እየሰበሰቡ የቀለበቱን ምስል ማዘጋጀት ተችሏል። የአሜሪካ የበረራና የጠፈር አስተዳደር ናሳ በማርች 2000 ያመጠቃት ኢሜጅ የተባለች ሳተላይት እስከ ዲሴምበር 2005 ድረስ በዚህ ዘዴ የማዕበሎችን መነሳትና መብረድ ከሩቅ ሆና ተከታትላለች። ከዚያ በፊት ሳተላይቶች መረጃ ይሰጡ የነበረው በአብዛኛው በሚያልፉበት ነጥብ ላይ ስላለው ሁኔታ ብቻ ነበር።

የሌሊቱ አዮኖስፌር

አዮኖስፌር የፀሐይ ብርሃን አቶሞችንና ሞለኪውሎችን ወደ አዮንና ኤሌክትሮን የሚለያይበት የከባቢ አየር ክፍል ነው። የአጭር ሞገድ ሬዲዮ ረጅም ርቀት የሚደርሰው ከዚህ ክፍል እየተመለሰ ሲሆን፣ የሳተላይት አቅጣጫ መጠቆሚያ መልእክቶችም በዚሁ ውስጥ ማለፍ ግድ ይላቸዋል። በ300 ኪሎ ሜትር አካባቢ የሚገኘው ወፍራሙ ንጣፍ በዋናነት በኦክስጅን አዮኖች የተያዘ ነው።

ኤሌክትሮንን ከኦክስጅን አቶም ለመንጠቅ የሚያስፈልገው ጉልበት ከሃይድሮጂን ለመንጠቅ ከሚያስፈልገው ጋር በአጋጣሚ እኩል ሊባል ይችላል። የመጀመሪያው 13.62፣ ሁለተኛው 13.60 ኤሌክትሮን ቮልት ነው። ስለሆነም የኦክስጅን አዮን የሃይድሮጂን አቶም ሲያገኝ ኤሌክትሮኑን ወስዶ ፕሮቶን ይተካል። በቀን የሚፈጠሩት እነዚህ ቀላል ፕሮቶኖች የመግነጢሳዊ መስኩን መስመሮች ተከትለው ወደ ላይ ይወጡና ፕላዝማስፌር በሚባለው ክፍል ይከማቻሉ።

ፀሐይ ስትጠልቅ ሂደቱ ይገለበጣል። የተከማቹት ፕሮቶኖች ወደ ታች ወርደው ከኦክስጅን አቶሞች ኤሌክትሮን ይወስዳሉ፤ ኦክስጅኑም መልሶ አዮን ይሆናል። የፀሐይ ብርሃን በሌለበት ሰዓት አዮኖስፌር ጨርሶ እንዳይሳሳ ከሚያግዙት ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው። በመግነጢሳዊ ማዕበል ጊዜ የፕላዝማስፌር ውጫዊ ክፍል ተገፎ ይሄዳል። እንደገና ለመሙላትም ቀናት ይወስዳል።

የፕሮቶን የዋልታ ብርሃን

በምድር ዋልታዎች አካባቢ በሌሊት የሚታየው የዋልታ ብርሃን በአብዛኛው በኤሌክትሮኖች የሚፈጠር ቢሆንም በፕሮቶኖች የሚፈጠርም አለ። ኖርዌያዊው የፊዚክስ ሊቅ ላርስ ቬጋርድ በ1939 በዋልታ ብርሃን ውስጥ የሃይድሮጂን ብርሃን መኖሩን አስታውቋል። በ1950 ደግሞ አሜሪካዊው አደን ማይነል የብርሃኑን የሞገድ ርዝመት ለውጥ በመለካት ቅንጣቶቹ ከውጭ በከፍተኛ ፍጥነት ወደ ምድር የሚገቡ መሆናቸውን አሳይቷል።

ፕሮቶን ራሱ ብርሃን አይሰጥም። ወደ ከባቢ አየር ሲገባ ግን ከሚያገኛቸው አቶሞችና ሞለኪውሎች ኤሌክትሮን ወስዶ የሃይድሮጂን አቶም ይሆናል፤ ያንጊዜም ብርሃን ሊሰጥ ይችላል። በሚቀጥለው ግጭት ኤሌክትሮኑን ያጣና እንደገና ፕሮቶን ይሆናል። ይህ መቀያየር ጉልበቱ እስኪያልቅ ብዙ ጊዜ ይደጋገማል። አቶም በሆነ ቁጥር መግነጢሳዊ መስኩ ስለማይመራው የፕሮቶን የዋልታ ብርሃን ደብዛዛና በሰፊው የተሠራጨ ነው።

ተመሳሳይ ክስተት በማርስ ላይም ተገኝቷል። ማርስ እንደ ምድር ያለ ሁሉን የሚያካልል መግነጢሳዊ መስክ የላትም። ሆኖም የፀሐይ ነፋስ ከፕላኔቷ አዮኖስፌር ጋር ሲገናኝ የሚፈጠረው መከላከያ አብዛኞቹን ፕሮቶኖች ወደ ጎን ይመልሳቸዋል። ከመከላከያው ውጭ በተዘረጋው የማርስ ሃይድሮጂን ውስጥ ሲያልፉ ኤሌክትሮን ያገኙት ግን ገለልተኛ ሆነው ወደ ከባቢ አየሩ ዘልቀው ይገባሉ። በሴፕቴምበር 2014 ማርስ ምህዋር የገባችው የናሳ ሜቨን መንኮራኩር በዚህ መንገድ የተፈጠረ የፕሮቶን የዋልታ ብርሃን መመዝገቧ በ2018 ይፋ ሆኗል። ብርሃኑ የሚዘወተረው በፕላኔቷ የደቡብ ክረምት ሳይሆን በደቡብ በጋ ነው። በዚያ ወቅት ማርስ ወደ ፀሐይ ስለምትቀርብ በላይኛው ከባቢ አየሯ ያለው ሃይድሮጂን ይጨምራል።

ልውውጡና የፕላኔቶች ውሃ

ከከባቢ አየር የሚያመልጥ ሃይድሮጂን ምንጩ ውሃ እንደመሆኑ ማምለጡ የውሃ መቀነስ ማለት ነው። ሞቃት ፕሮቶን ኤሌክትሮን አግኝቶ ወደ አቶም ሲለወጥ ፍጥነቱ ከፕላኔቷ የስበት ኃይል ለማምለጥ የሚያስችለው ሊሆን ይችላል። በዚህ ምክንያት የሙል ልውውጥ ሃይድሮጂን ወደ ጠፈር ከሚወጣባቸው ዋና ዋና መንገዶች አንዱ ነው።

በቬነስ ከባቢ አየር ውስጥ ከባዱ የሃይድሮጂን ዓይነት ዲውተሪየም ከቀላሉ ሃይድሮጂን አንጻር ያለው ድርሻ በምድር ካለው ከ100 እጥፍ በላይ ነው። ቀላሉ ከከባዱ ይበልጥ ስለሚያመልጥ፣ ይህ መጠን ቬነስ ቀድሞ የነበራትን ውሃ በብዛት እንዳጣች ያመለክታል።

ምድር በአሁኑ ጊዜ በሁሉም መንገዶች የምታጣው ሃይድሮጂን በሰከንድ ሦስት ኪሎ ግራም ገደማ ሲሆን በዓመት ወደ 95,000 ቶን ይጠጋል። በውቅያኖሶች ውሃ ውስጥ ካለው ሃይድሮጂን ጋር ሲነጻጸር ግን መጠኑ ኢምንት ነው፤ በዚሁ ፍጥነት ውቅያኖሶችን ለመጨረስ ከአንድ ትሪሊዮን ዓመት በላይ ይወስዳል። ምድርን የጠበቃት የውሃ ተን ወደ ከፍታ ሲወጣ በቀዝቃዛው የከባቢ አየር ንጣፍ ወደ በረዶነት ተለውጦ የሚመለስ መሆኑ ነው።

ክትትሉና የኢትዮጵያ ሥፍራ

የመግነጢሳዊ ማዕበልን ብርታት ለማወቅ የሚያገለግለው ዋነኛ መለኪያ በጃፓን ኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ የሚዘጋጅ ሲሆን፣ መረጃው የሚገኘው በደቡብ አፍሪካ ሄርማነስ፣ በጃፓን ካኪዮካ፣ በሆኖሉሉና በፖርቶ ሪኮ ሳን ሁዋን ካሉ ጣቢያዎች ነው። ጣቢያዎቹ ከመግነጢሳዊው ወገብ ራቅ ያሉ ናቸው። በመግነጢሳዊው ወገብ ላይ ከመቶ ኪሎ ሜትር ጥቂት ከፍ ብሎ በቀን የሚፈሰው ብርቱ የኤሌክትሪክ ጅረት የቀለበቱን ፍሰት ልኬት ያዛባዋልና ነው።

መግነጢሳዊው ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል። ከ1957 እስከ 1958 ከተካሄደው ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ጋር ተያይዞ በአዲስ አበባ የተቋቋመው የጂኦፊዚክስ መመልከቻ ጣቢያ የመግነጢሳዊ መስክ ልኬት ሲያካሂድ የቆየው በዚሁ ልዩ ሥፍራ ነው። አካባቢው በተለይ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ በአዮኖስፌር ውስጥ በሚፈጠሩ መዛባቶች ይታወቃል። መዛባቶቹ የሳተላይት አቅጣጫ መጠቆሚያን ትክክለኛነት ስለሚቀንሱ ለአቪዬሽን፣ ለቴሌኮሙኒኬሽን፣ ለካርታ ሥራና ለመሬት ቅየሳ ትኩረት የሚሹ ናቸው።

የካሩተርስን ስም የያዘችውና የምድርን የሃይድሮጂን ደመና እንድታጠና የተዘጋጀችው የናሳ መንኮራኩር ሴፕቴምበር 24 ቀን 2025 መጥቃለች። የተመደበላት ሥፍራ በፀሐይ አቅጣጫ ከምድር 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ሲሆን፣ ከዚያ ሆና ደመናውን በአልትራቫዮሌት ብርሃን በሙሉ ትመለከታለች ተብሏል።

የሃይድሮጂኑ ብዛት በየሥፍራውና በየወቅቱ በትክክል ሲታወቅ የቀለበቱ ፍሰት በምን ያህል ሰዓት እንደሚዳከምና ፕላዝማስፌር በስንት ቀን እንደሚሞላ ማስላት ይቻላል። የኤሌክትሪክ መረብን፣ የአየር በረራንና የሳተላይት አገልግሎትን የሚያስተዳድሩ ተቋማት የማዕበሉን መነሻ ብቻ ሳይሆን ወደ መደበኛ ሥራ የሚመለሱበትንም ጊዜ ማወቅ ያስፈልጋቸዋል። የማዕበሉን መነሻ የሚወስነው የፀሐይ ሁኔታ ሲሆን፣ የሚያበቃበትን ጊዜ ለማስላት ግን ምድርን የከበበውን ስስ ሃይድሮጂን መለካት ግድ ይላል።